ሃብ ሆዱ ሲከፈት፦ የኢተርኔት ሲግናል ከፖርት ወደ ፖርት የሚያልፍበትን መንገድ በእጅ መከተል

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ ወይም በየካ አባዶ ካሉት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ በሉ። ከጠረጴዛው ሥር፣ ከተበላሹ ማውሶችና ከባዶ ካርትሪጆች ጋር፣ አንድ አሮጌ ሃብ፣ ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኝ ሳጥን፣ አይጠፋም። ስዊች ከተገዛ ወዲህ የነካው የለም። ባለቤቱም አይጥለውም፤ «ይቀመጥ፣ አንድ ቀን ይፈለጋል» ነው መልሱ። ለምኑና ውሰዱት። ኢተርኔትን፣ ኮምፒውተሮች በኬብል የሚነጋገሩበትን ሥርዓት፣ በእጁ ዳስሶ መማር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላውቅም። ዛሬ እንከፍተዋለን፤ ሲግናሉ በአንዱ ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ገብቶ በሌሎቹ እስኪወጣ እንከተለዋለን፤ ከዚያ በሦስት ኮምፒውተር እናረጋግጣለን።

ሁለት ነገር ብቻ ከወዲሁ ያዙልኝ። ሃብ አድራሻ አያነብም። የውስጥ መንገዱም አንድ ብቻ ነው። የዕድር ጡሩንባ ሲነፋ መርዶው የአንድ ቤት ቢሆንም ሰፈሩ በሙሉ እንደሚሰማው፣ ሃብም የገባበትን ለሁሉም ያሰማል። የቀረው ዝርዝር ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ነገሮች የሚመጣ ነው።

ዕቃ ማሰባሰብ

ሃብ፣ ሦስት ኮምፒውተር፣ ሦስት ቀጥታ ኬብል፣ የመስቀል ካቻቢቴና ቴስተር በቂ ናቸው። ኦሲሎስኮፕ (ሲግናልን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) የሚያውስ ወዳጅ ካላችሁ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ።

ሃብ ካጣችሁ መርካቶ ምናለሽ ተራ መውረድ ነው። እዚያ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። «አለቃ፣ ይሄ ሃብ ነው ስዊች?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ «ያው ነው ወንድሜ፣ ሁለቱም ያከፋፍላል» መባላችሁ አይቀርም። ያው አይደለም፤ ስዊች አድራሻ አንብቦ ለሚመለከተው ፖርት ይልካል። ገልብጣችሁ የሞዴሉን ጽሑፍ አንብቡ። ቀጥሎ የፊት መብራቶቹን እዩ። ለሳጥኑ በሙሉ አንድ የኮሊዥን (የግጭት) መብራት ብቻ ካለው ሃብ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አንዳንድ የድሮ ስዊቾችም የኮሊዥን መብራት አላቸው፤ የእነሱ ግን በየፖርቱ ነው። ይህች ልዩነት ቀላል አይደለችም። ሃብ ውስጥ ግጭት ሲፈጠር የሚመለከተው አንድን ፖርት ሳይሆን ሁሉንም ነው።

አዳፕተር ለብቻው ስትገዙ ቮልቴጁን፣ አምፔሩንና የፕላስና ማይነሱን አቅጣጫ ከሃቡ ጀርባ ካለው ጽሑፍ ጋር አመሳክሩ። ዲሲ ሳይሆን ኤሲ የሚፈልጉ ሃቦችም አሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ በሚደነፋበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ በስታቢላይዘር በኩል ሰኩት። አሮጌ ዕቃ ነው፤ ሰበብ አይፈልግም።

መክፈት

መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉ። 220 ቮልት በቀጥታ የሚገባበት ትልቅ ሃብ ከሆነ የፓወር ሰፕላዩን ጥግ አትንኩ። እዚያ ያሉት ካፓሲተሮች ከተነቀለም በኋላ ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። ብሎኖቹ ካልታዩዋችሁ የጎማ እግሮቹን ላጥ አድርጉ፤ ብዙ ጊዜ የሚደበቁት እዚያ ሥር ነው። አቧራውን በደረቅ የቀለም ብሩሽ አራግፉ።

አሁን ከፖርቶቹ ወደ ውስጥ እያያችሁ ሂዱ። ከፖርቶቹ ኋላ ጥቋቁር፣ አራት ማዕዘን ነገሮች ተደርድረዋል። ትራንስፎርመሮች ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ የሩዝ ፍሬ የማያክሉ ሬዚስተሮች አሉ። መሃል ላይ ብዙ እግር ያለው ትልቅ ቺፕ ተቀምጧል። ከጎኑ የብር ቀለም ያለው ክሪስታል አለ። ክሪስታሉ ላይ 20 ከተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ የ10 ሜጋቢት ሃብ ነው፤ 25 ከሆነ 100 ሜጋቢት የሚያውቅ ነው።

«ታዲያ ያ አንዱ የውስጥ መንገድ፣ ባክፕሌን የሚባለው፣ የታለ?» ትሉ ይሆናል። በትንሽ ሃብ ላይ ባክፕሌኑ ያው ቺፑ ውስጥ ነው። ለብቻው በዓይን የሚታየው በትልልቆቹ ላይ ነበር። ከዜሮክስ የወጡ ሰዎች በ1985 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ሲንኦፕቲክስና ተፎካካሪዎቹ የመደርደሪያ ያህል ሳጥን ይሠሩ ነበር። ፖርት የተሸከሙ ካርዶች ከፊት ተንሸራትተው ይገቡና ከኋላ ካለው ሰሌዳ ጋር ይያያዛሉ። ያ የኋላ ሰሌዳ ነው ባክፕሌን። ሦስት የተለያየ የኢተርኔት መስመር በአንድ ጀርባ ላይ የያዙም ነበሩ፤ ካርዱ ከየትኛው ጋር እንዲያያዝ የሚመርጠው ባለሙያው ነው። ሥራው ግን በትልቁም በትንሹም አንድ ዓይነት ነው።

በቴስተር መፈተሽ

ኃይል ሳይሰካ ቴስተሩን ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ ላይ አድርጉና የአንድን ፖርት 1ኛና 2ኛ ፒን ንኩ። ይጮኻል። ሁለቱም የአንድ ትራንስፎርመር ጥቅል ጫፎች ስለሆኑ ነው። 3ኛና 6ኛም እንደዚያው። አሁን 1ኛንና 3ኛን ንኩ። አይጮኽም። በኦም ስትለኩት ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ወይም ወደ 150 ኦም ያሳያል። 150 ካሳየ አትደንግጡ። ከየትራንስፎርመሩ መሃል ወጥተው አንድ ቦታ የሚገናኙ ባለ 75 ኦም ሬዚስተሮች አሉ፤ የለካችሁት ሁለቱን ነው። ቀጥሎ የአንዱን ፖርት 1ኛ ፒን ከሌላው ፖርት 1ኛ ፒን ጋር ሞክሩ። አሁንም አይጮኽም።

ይህቺ ፈተና ብዙ ሰው የሚያምነውን አንድ ነገር ታፈርሳለች። ሃብ ማለት ሽቦዎችን አንድ ላይ የቋጠረ ሳጥን አይደለም። ሽቦዎቹ አይነካኩም። በመሃል የሚያነብና እንደገና የሚጽፍ አካል አለ።

ሲግናሉን መከተል

ከአንድ ኮምፒውተር እንነሳ። የኔትወርክ ካርዱ ፍሬም (አድራሻ ያለበት አንድ የመረጃ እሽግ) ከመላኩ በፊት መስመሩን ያዳምጣል። ጸጥ ካለ ለ9.6 ማይክሮ ሰከንድ ይታገሥና ይጀምራል። መጀመሪያ የሚወጣው መረጃው አይደለም፤ 1 እና 0 የሚፈራረቁበት የ7 ባይት መንደርደሪያ ነው። ስምንተኛው ባይት በሁለት ተከታታይ 1 ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዋናው ፍሬም ነው፤ ፊተኛው ቦታ ላይም የተቀባዩ አድራሻ አለ።

በ10 ሜጋቢት አንድ ቢት 100 ናኖ ሰከንድ ይወስዳል። አጻጻፉ ማንቸስተር ይባላል። በእያንዳንዱ ቢት መሃል ላይ ቮልቴጁ የግድ ይገለበጣል፦ ከታች ወደ ላይ ከሆነ 1፣ ከላይ ወደ ታች ከሆነ 0። ከካርዱ ሲነሳ በጥንዱ ሽቦዎች መካከል ያለው ልዩነት ወደ 2.5 ቮልት ነው፤ አንዴ ፕላስ፣ አንዴ ማይነስ። መቶ ሜትር ኬብል ለማቋረጥ ግማሽ ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል።

ከኮምፒውተሩ 1ኛና 2ኛ ፒን የወጣው በሃቡ 1ኛና 2ኛ ፒን ይገባል። ኮምፒውተር የሚልክበትን ጥንድ ሃብ የሚቀበልበት አድርገው ስለሠሩት ነው ቀጥታ ኬብል የሚበቃው። አፕሊንክ የተባለው ፖርት ግን እንደ ኮምፒውተር የተገጠመ ነው። በብዙ ሃቦች ላይ አፕሊንኩና ከጎኑ ያለው ፖርት አንድ መስመር ስለሚጋሩ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትሰኩ።

ሲግናሉ ትራንስፎርመሩን አልፎ ቺፑ ደጃፍ ይደርሳል። የቺፑ የመጀመሪያ ጥያቄ «ይሄ ሲግናል ነው ወይስ ጫጫታ?» የሚል ነው። ከ300 ሚሊ ቮልት በታች የሆነውን ይጥለዋል። ሲግናል መሆኑን ሲያምን ያ ፖርት ሥራ ላይ መሆኑን ይመዘግባል። ቀጥሎ ከመንደርደሪያው ላይ የላኪውን ሰዓት ይቀዳል። የማንቸስተር መገለባበጥ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ሰዓቱ ከመረጃው ጋር አብሮ መጥቷል። ሰዓቱን እስኪይዝ ድረስ ጥቂት የመንደርደሪያ ቢቶች ይጠፋሉ። ችግር የለውም፤ ሃቡ መንደርደሪያውን ከራሱ አዲስ አድርጎ ይሠራዋል።

አሁን ባክፕሌኑ ላይ ደረስን። ነገሩን በደንብ የሚያሳየው የኤኤምዲ ኤኤም79ሲ980 ቺፕ ነው። ስምንት ፖርት ይይዛል። ብዙ ቺፖች ተያይዘው አንድ ትልቅ ሃብ ሲሆኑ፣ ከጋራ ሰዓታቸው በቀር በመካከላቸው የሚያስፈልጓቸው አምስት ዓይነት መስመሮች ብቻ ናቸው፦ ጥያቄ፣ ፈቃድ፣ ዳታ፣ ጃም (ከታች እንመለስበታለን) እና ኮሊዥን። ሲግናል የገባበት ቺፕ በጥያቄ መስመሩ ይጠይቃል። አንድ ዳኛ ሰርኪዩት ጠያቂው ብቸኛ መሆኑን አይቶ ፈቃድ ይሰጠዋል። ባለፈቃዱ ቢቶቹን በዳታ መስመር ላይ ይለቃል። ሌሎቹ ቺፖች ከዚያ እየቀዱ በየፖርታቸው ያወጣሉ። ሁለት ቺፖች በአንድ ጊዜ ከጠየቁ ዳኛው ማንንም አይመርጥም፤ የኮሊዥን መስመሩን ይነካል፣ ሁሉም ጉዳዩን ያውቃሉ።

ልብ በሉ፣ ዳታው መስመር ላይ ያለው አሁን ማንቸስተር አይደለም። ተፈትቶ ተራ 0 እና 1 ሆኗል፤ በሴኮንድ 10 ሚሊዮን ቢት ይፈሳል። ባክፕሌኑ 30 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም እንኳ ሲግናሉ በ2 ናኖ ሰከንድ ገደማ ያልፈዋል። አንድ ቢት 100 ናኖ ሰከንድ መሆኑን ስታስቡ ይህ ኢምንት ነው። የሃብ መዘግየት የሚመጣው ሰዓት ከመቅዳትና መልሶ ከመጻፍ ነው፣ ከርቀቱ አይደለም።

መውጫው ላይ ቢቶቹ እንደገና ወደ ማንቸስተር ይለወጣሉ፤ አሁን ግን በሃቡ በራሱ ክሪስታል ሰዓት ነው። ደክሞና ተዛብቶ የገባው ሲግናል ሙሉ ቁመቱን ይዞ ይወጣል። የሁለቱ ሰዓቶች ጥቃቅን ልዩነት፣ ለእያንዳንዱ እስከ 0.01 በመቶ ስለሚፈቀድ፣ ቺፑ ውስጥ ባለች ትንሽ ማቆያ ውስጥ ይጣጣማል። ከዚያ በ3ኛና በ6ኛ ፒን ይወጣል። ከገባበት ፖርት በቀር በሁሉም።

እዚህ ቆም ብላችሁ አንድ ስሌት ሥሩ። መንደርደሪያው 64 ቢት ነው፣ ማለትም 6.4 ማይክሮ ሰከንድ። ሃቡ ግን ጥቂት ቢቶች እንደገቡ መድገም ጀምሯል። የተቀባዩ አድራሻ ገና ሳይደርስ መንደርደሪያው በሌሎቹ ፖርቶች እየወጣ ነው። ሃብ አድራሻ አያነብም ስንል ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ሥራውን የሚጀምረው አድራሻው ከመምጣቱ በፊት ነው።

ኦሲሎስኮፕ ካገኛችሁ ባዶ ፖርት ላይ በ3ኛና በ6ኛ ፒን መካከል 100 ኦም ሬዚስተር አድርጉና ተመልከቱ። በ10 ሜጋቢት ሃብ ላይ በየ16 ሚሊ ሰከንዱ ገደማ 100 ናኖ ሰከንድ የምትሰፋ አንዲት ብልጭታ ታያላችሁ። ሃቡ «አለሁ» የሚልበት ምልክት ነው። የሃቡ የፖርት መብራት የሚበራው ደግሞ ሃቡ ከማዶ ካለው ካርድ እንዲህ ያለውን ምልክት ሲሰማ ነው።

የ100 ሜጋቢቱ ሃብ አሠራር ያው ሆኖ አጻጻፉ ይለያል። አራት ቢት ወደ አምስት ይለወጣል፣ ሽቦው ላይም ሦስት የቮልቴጅ ደረጃዎች ይፈራረቃሉ። ጊዜው በአሥር እጅ ስለሚያጥር እነዚህን ሃቦች መቀጣጠል አይመችም፦ ክላስ አንድ የተባሉት ብቻቸውን ነው የሚሠሩት፤ ክላስ ሁለት ከሆኑ ሁለት ይፈቀዳሉ።

ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲልክ

የሃብ እውነተኛ ጠባይ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። በድሮው ወፍራም የኮአክስ ኬብል ዘመን ግጭት የሚታወቀው ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ነበር። በሃብ ግን ጥያቄው የቆጠራ ነው፤ ሁለት ፖርቶች በአንድ ጊዜ እየተቀበሉ ከሆነ ግጭት አለ። ሃቡ ወዲያው መድገሙን ትቶ ጃም የተባለ ትርጉም የለሽ ቢት ለሁሉም ፖርት ይልካል፤ ላኪዎቹንም ይጨምራል። ከ96 ቢት ያነሰ ቁራጭ አያወጣም፤ ያጠረውን ሞልቶ ይልካል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቁራጩ ከማጠሩ የተነሣ በሩቅ ያለው ሳይሰማው እንዳይቀር ነው።

ኮምፒውተሩ በበኩሉ ግጭቱን የሚያውቀው እየላከ ሳለ በመቀበያው ጥንድ ላይ ሲግናል ሲመጣበት ነው። እሱም 32 ቢት ጃም ልኮ ያቆማል። ከዚያ ዕጣ ያወጣል። ከመጀመሪያው ግጭት በኋላ 0 ወይም 1 ጊዜ 51.2 ማይክሮ ሰከንድ ይጠብቃል። ከሁለተኛው በኋላ ከ0 እስከ 3። እያለ እጥፍ እየሆነ እስከ 1023 ይሄዳል። 16 ጊዜ ከተጋጨ ፍሬሙን ይጥለዋል።

51.2 ማይክሮ ሰከንድ በ10 ሜጋቢት የ512 ቢት፣ ማለትም የ64 ባይት ዕድሜ ነው። የኢተርኔት ፍሬም ከ64 ባይት ማነስ የማይችለው ለዚህ ነው። ላኪው ልኮ ከመጨረሱ በፊት የሩቁ ግጭት ዜና ተመልሶ ሊደርሰው ይገባል። ሃብ በሃብ ላይ በኬብል ስትቀጥሉ እያንዳንዱ ሃብ የራሱን መዘግየት ስለሚጨምር ከዚህ በጀት ይቀንሳል። የድሮዎቹ ባለሙያዎች በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ከአራት ሃብ አይለፍ ይሉ የነበረው ለዚህ ነው። በልዩ የስታክ ኬብል የተያያዙ ሃቦች ግን እንደ አንድ ነው የሚቆጠሩት፤ ኬብሉ የሚያራዝመው ባክፕሌኑን ስለሆነ።

በሦስት ኮምፒውተር ማረጋገጥ

ሃቡን ከበይነመረብም ከሥራ ኔትወርክም ለዩት። ዋይፋይ አጥፉ። ለሦስቱ ኮምፒውተሮች 192.168.10.1፣ 192.168.10.2 እና 192.168.10.3 ስጧቸው፤ ማስኩ 255.255.255.0 ይሁን። በሦስተኛው ላይ ዋየርሻርክ (ካርዱ የሚሰማውን ፍሬም የሚያሳይ ፕሮግራም) ክፈቱ። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ፒንግ («አለህ?» ብሎ መልስ የሚጠብቅ ትእዛዝ) አድርጉ። መልስ ካልመጣ መጀመሪያ የዊንዶውስ ፋየርዎልን ጠርጥሩ።

ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ የኤአርፒ ጥያቄ («ይህ አድራሻ የማን ነው?» የሚለውን) ብቻ አይታችሁ «ሃብ ነው!» ብላችሁ እንዳትዘሉ። ያ ለሁሉም የሚላክ ስለሆነ በስዊችም ይታያል። ማየት ያለባችሁ ራሱን የፒንጉን ጥያቄና መልስ ነው። ከ.1 ወደ .2 የሚሄደው በ.3 ላይ በግልጽ ከታየ እጃችሁ ላይ ያለው ሃብ ነው። ካልታየ ስዊች ነው፤ ወይም ከታች የማነሳው ወጥመድ ውስጥ ገብታችኋል።

ቀጥሎ ፍጥነቱን ፈትኑ። የ100 ሜጋባይት ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው ቅዱ። በ10 ሜጋቢት ከ80 ሰከንድ በታች አይሆንም። አሁን ሁለተኛ ፋይል በተቃራኒ አቅጣጫ በአንድ ጊዜ አስነሱ። ሁለቱም ለመጨረስ ከ160 ሰከንድ በላይ ይወስዳሉ፤ የኮሊዥን መብራቱም ይንቀለቀላል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስትቀዱም አልፎ አልፎ ብልጭ ማለቱን አስተውሉ። ተቀባዩ «ደርሶኛል» የሚላቸው ትንንሽ መልሶች ከሚመጣው ፋይል ጋር እየተላተሙ ነው።

ድፍረቱ ካላችሁ፣ በዚሁ ለብቻው በቆመው ሃብ ላይ ሁለት ፖርቶችን በክሮስ ኬብል (የመላኪያና የመቀበያ ጥንዶቹ በተቀያየሩበት) አገናኙ። እያንዳንዱ ፍሬም በአንዱ ወጥቶ በሌላው ተመልሶ ይገባል፣ ከራሱ ጋር ይጋጫል። ጥሩ ሃብ ከ30 በላይ ተከታታይ ግጭት ያየበትን ፖርት ዘግቶ ሌሎቹን ያድናል። መጥፎው አብሮ ይሰምጣል።

የሚያደናግሩ ነገሮች

ሃብ ላይ ሁልጊዜ ሃፍ ዱፕሌክስ ነው፤ መላክና መቀበል በተራ ማለት ነው። ካርዱን በእጃችሁ ፉል ዱፕሌክስ (ሁለቱም በአንድ ጊዜ) ካደረጋችሁት ሳያዳምጥ ይልካል፣ ግጭትንም አይቆጥርም። ፒንግ ይሠራል፣ ፋይል መቅዳት ግን ይንፏቀቃል። ካርዱን አውቶ ላይ ተዉት። አሮጌ ሃብ ስለ ዱፕሌክስ መደራደር አይችልም፤ ካርዱ ፍጥነቱን ብቻ ለይቶ ራሱ ሃፍ ይሆናል።

ትልቁ ወጥመድ 10/100 የተባለው ባለሁለት ፍጥነት ሃብ ነው። የኔትጊር ዲኤስ108 ዓይነቱ ማለቴ ነው። ውስጡ ሁለት ባክፕሌን አለው፤ አንዱ የ10፣ አንዱ የ100። በሁለቱ መካከል ድልድይ የሚሆን ትንሽ ስዊች ተቀምጧል፤ እሱ ደግሞ አድራሻ ያነባል። ሁለቱ ኮምፒውተሮች በ100፣ ዋየርሻርክ ያለበት በ10 ከተገናኘ የፒንጉ ጥያቄና መልስ አይታይም። ሰው «ይሄ ስዊች ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ሦስቱንም ካርዶች በአንድ ፍጥነት፣ በሃፍ ዱፕሌክስ አስሯቸውና እንደገና ሞክሩ።

ሃብ ለቢሮ የሚተከል ዕቃ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ የኢተርኔትን ደረጃ የሚያወጣው አይትሪፕልኢም ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ አይመክረውም። ለምርመራ ግን ዛሬም እጠቀምበታለሁ። ፕሪንተሩ አልታዘዝ ሲል ሃቡን በፕሪንተሩና በስዊቹ መካከል አስገቡ፣ ላፕቶፓችሁን በሦስተኛው ፖርት ሰኩ፣ ሁለቱ የሚባባሉትን በዋየርሻርክ አንብቡ። ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ በሃብ ላይ የሚያልፈው የሰው ጉዳይም ጭምር ነው። 10 ሜጋቢት ለፕሪንተር ይበቃል። ጥፋቱ ከተገኘ በኋላ ግን ንቀሉትና ይዛችሁት ሂዱ። እዚያው ከተረሳ፣ ነገ ሌላ ሰው ሙሉ ቢሮውን ይሰካበታል።